ዶማውን ተከትሎ ተራራ የወጣ ሰፈር

የሰውን ቸርነት ለመለካት ብር አትጠይቁት፤ ዶማ አውሰኝ በሉት። ብር ቢሆን "የለኝም" ብሎ ይገላግላችኋል። ዶማ ግን ከበሩ ጀርባ ተደግፋ እየታየች የለኝም አይባልም። ስለዚህ ባለቤቱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ለምን እንደፈለጋችኋት ይጠይቃል፤ አፈሩ ድንጋያማ እንዳይሆን ያስጠነቅቃል፤ እጀታዋ ዝናብ እንደማይወድ ይነግራችኋል። በመጨረሻ "ቆይ፣ ጫማዬን ላድርግ" ይልና አብሯችሁ ይመጣል። እኛ ሰፈር፣ ማለትም ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ባህር ዛፉ ከሚጀምርበት ዳገት ሥር፣ ሰው ልጁን ብቻውን አውቶቡስ አሳፍሮ ክፍለ ሀገር ይልካል። ዶማውን ግን ብቻዋን አይልክም። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ያሉት አባቶቻችን የዶማ ባለቤትን ሳይጨምሩ የቀሩት ይሉኝታ ይዟቸው መሆን አለበት።

በሰው አልፈርድም። እኔም ድጅኖ ነበረችኝ። ድጅኖ ድንጋይ የሚፈነቀልባት፣ ቁመቷ የሰው የሚያህል የብረት ዘንግ ናት። ከአባቴ የወረስኩት እሷንና የጉልበት ሕመሙን ብቻ ነው። ጉልበቱን እንኳ አውሰኝ ያለኝ የለም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ በጎ ፈቃደኛ ብርቅ ነበር። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ፈቃዳችን እኛ ከእንቅልፋችን ሳንነሣ ቀድሞን ቀበሌ ስለሚገኝ ነው። እሑድ ማለዳ በድምፅ ማጉያ ስንጠራ በፈቃደኝነት እንወጣለን፤ የቀረውም በፈቃደኝነት ይቀጣል። እንግዲህ እንዲህ በለመድንበት ሰፈር ኃይሉ የሚባል ወጣትና አምስት ጓደኞቹ እንጦጦ ላይ ለብስክሌት የሚሆን መንገድ ሊቆፍሩ ነው የሚል ወሬ ተሰማ።

"ማን አዘዛቸው?" ተባለ።

"ማንም።"

ይህ መልስ ብዙ ሰው አሳሰበ።

ኃይሉ ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው። በሥራ ቀን በብስክሌቱ ፒያሳ ወርዶ ይመለሳል። በዕረፍት ቀኑ ደግሞ እሱና ጓደኞቹ ብስክሌታቸውን ተሸክመው ዳገቱን ይወጡና ብስክሌታቸው ተሸክማቸው ትወርዳለች። ለምን እንደሚያደርጉት አንድ ቀን ጠይቄው "ደስ ይለናል" አለኝ። ሌላ ምክንያት ይኖረው እንደሆነ ብዬ ብጠብቅ ምንም የለውም።

ክፋቱ የሚወርዱባት መንገድ ጭራሮ የሚለቅሙ ሴቶች የሚወርዱባት ያችው ጠባብ አቋራጭ መሆኗ ነው። ገና ቁፋሮው ሳይጀመር፣ አንድ እሑድ የኃይሉ ፍሬን ቁልቁለቱ ላይ እምቢ አለና ልጁ ከኋላ መጥቶ ከእማማ ዘውዴ ሸክም ጋር ተላተመ። እማማ ዘውዴ ሲሸከሙ ከኋላ የሚታየው ቅጠል ብቻ ነው። ቅጠል በራሱ እግር የሚሄድ ይመስላል። ኃይሉ ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ጠፋ፤ እሳቸው በእጃቸው መሬት ደግፈው ተንበረከኩ።

"ማነው እሱ?" አሉ።

"እኔ ነኝ እማማ፤ ኃይሉ። ተጎዱ እንዴ?"

"ሸክሙ በዛብኝ ብዬ ስማረር አንተ ትጨመርበት?"

ማንም አልተጎዳም። ሆኖም ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ቁልቁለቱን ወርዶ ቀበሌ ደረሰ። ሊቀመንበሩ የኃይሉን ብስክሌት መጋዘን አስገብተው ቆለፉና ውሳኔ አሳለፉ። የብስክሌቱና የሴቶቹ መንገድ እስከ ሰኔ አጋማሽ ካልተለያየ፣ የኃይሉም የጓደኞቹም ብስክሌት ለቀበሌው ሥራ ይውላል። (ሰኔ አጋማሽ ያሉት የሚካኤልን በዓል ነው። ሊቀመንበር ናቸውና ስሙን ጮክ ብለው መጥራት አይችሉም እንጂ፣ ባለቤታቸው ጠላ ከመጥመቅ የቦዘኑበትን ዓመት አላስታውስም።) የቀበሌው ተላላኪ አጭር ሰው ነው። ከወዲሁ መጋዘን ገብቶ የኃይሉን ብስክሌት መቀመጫ በቁመቱ ልክ ዝቅ አድርጎት ነበር። ኃይሉ ይህን በመስኮት አይቶ፣ የአውቶቡስ ሰልፍ ስለማይደርስለት፣ በእግሩ ፒያሳ ወረደ።

ልጆቹ ያላቸው ጉልበት ነው። መሣሪያቸው ጥርሷ የተቆለመመ አንዲት ዶማ ብቻ ናት፤ ከእጅ አይሻል ዶማ የሚባለው ምሳሌ እሷን አይቶ የተተረተ ነው የሚመስለው። እማማ ዘውዴ ራሳቸው ቀበሌ ገብተው "ልጆቹን እርዷቸው እንጂ! ሁለተኛ ልሸከማቸው?" አሉ። ሰፈሩ መሣሪያና ስንቅ እንዲያዋጣ ተወሰነ፤ አሰባሳቢ ኮሚቴም ተቋቋመ። እኔ ስብሰባው ላይ አንቀላፍቼ ስለነበር ተቃውሞ አላሰማሁም፤ በሙሉ ድምፅ ሰብሳቢ ሆንኩ።

ቤት ለቤት ዞርኩ። እውነት ለመናገር እምቢ ያለኝ የለም። ሴቶቹ ዳቦና ቆሎ፣ ወንዶቹ ዶማ፣ አካፋ፣ መዶሻ ሰጡ። አንዱ የድንጋይ መሸከሚያ ባሬላ አመጣ። እኔም ለአርአያነት ድጅኖዬን አወጣሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መሣሪያው ዳገቱን ሲወጣ ባለቤቶቹም ከኋላው ተከትለው ወጡ፤ ሰልፉ ለቅሶ የሚደርስ ይመስል ነበር። ከአቋራጯ ፈንጠር ብሎ አዲሱ መንገድ የሚቆፈርበት ደርሰን ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እያንዳንዳችን የምናየው የየራሳችንን ነው።

"ቀስ በላት! እጀታዋ ወይራ ነው!"

"አካፋ እንደ ማንኪያ አይያዝም እኮ!"

"ኧረ ይሄ ልጅ አሁን እግሩን ይቆርጣል። ይቁረጥ፤ ዶማዬን ግን ያበላሻታል!"

መጀመሪያ የተነሡት ጋሽ ደሳለኝ ናቸው። ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው። ዶማቸውን ከኃይሉ እጅ "አምጣት ወዲህ" ብለው ተቀበሉና ሁለት ጊዜ አሳዩት። ሦስተኛውንም አሳዩት። ከዚያ በኋላ ማሳየቱን ረስተው መቆፈር ጀመሩ። እሳቸውን ያየ ተነሣ፤ ያንን ያየም ተነሣ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደጋፊዎቹ በሙሉ እየቆፈሩ፣ ቆፋሪዎቹ በሙሉ ውሃ እያመላለሱ ነበር። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ድጋፍ አልታየም ብዬ ለሊቀመንበሩ ሪፖርት አደረግኩ።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጋሽ ደሳለኝ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ደረጃ ነው። ቁልቁለት ሲያዩ እጃቸው ድንጋይ ይፈልጋል። የቀረነውም ሰዎች በሕይወታችን ብስክሌት ላይ ወጥተን ስለማናውቅ፣ ጥሩ መንገድ ሲባል ጉልበት የማያሳምም መንገድ ነው የታየን።

"ጋሽ ደሳለኝ፣ መንገዱ እኮ ለጎማ ነው" አለ ኃይሉ፣ ጀሪካን እንደተሸከመ።

"ጎማው ላይ የሚቀመጠው ሰው አይደለም?"

"ሰው ነው።"

"ሰው በደረጃ ነው የሚወርደው። ባይሆን ውሃውን ቶሎ በል።"

ኃይሉ ወደ እኔ መጣ። "ጋሼ፣ ሰብሳቢው እርስዎ ነዎት፤ አንድ ነገር ይበሉልኝ እንጂ! ደረጃ ከሆነ ብስክሌቴ ቀረች ማለት እኮ ነው።"

ልጁ እውነቱን ነበር። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ድጅኖዬ ጋሽ ደሳለኝ እጅ ላይ ነበረች፤ ድጅኖዬን የያዘ ሰው ደግሞ እንዲቆጣ አልፈልግም። "ልጄ፣ ሰፊው ሕዝብ አንዴ ከተነሣሣ አይመለስም" አልኩት። ንግግሩ ለእኔም ጥሩ መስሎኝ ነበር። ኃይሉ ግን ጀሪካኑን እግሬ ሥር አስቀምጦልኝ ሄደ።

በሥራ ቀን ልጆቹ ሥራ ናቸው፤ ሰፈሩ ግን ዶማዋ ተራራ ላይ ብቻዋን እንዳትውል በየቀኑ ይወጣል። ኃይሉ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ አንጋጦ ያያል። ደረጃው ጠዋት ከተወው ጨምሮ ይጠብቀዋል። እንዴት ያለ ደረጃ መሰላችሁ! ድንጋዩ በውሃ ልክ የተቀመጠ፣ ጥጉ የተጠረበ። ብስክሌት የሚያወርድ ሰው ካለ ግን ጥርሱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚደርሰው።

የምረቃው ቀን ደረሰ። ከላይ፣ ደረጃው ከሚጀምርበት፣ ቀይ ጥብጣብ ተወጠረ። ሊቀመንበሩ ስለ ብስክሌትና ስለ ምርት ዕድገት ረጅም ንግግር አደረጉ። ብስክሌቷ ለዕለቱ ከመጋዘን ወጥታ መጥታለች። ተላላኪው አጠገቧ ቆሟል፤ ምናልባት ተመልሳ የምትወርደው በእሱ እግር ነው። ኃይሉ ጎንበስ ብሎ መቀመጫዋን ወደ ቁመቱ ከፍ አደረገና ደረጃውን አየ።

"ጓድ፣ ውረድና መንገዱን መርቅልን እንጂ" አሉት ሊቀመንበሩ።

ኃይሉ ብስክሌቷን እስከ ጥብጣቡ ገፋና ቆመ። ጎማዋን በዓይናቸው ሲከተሉ ሊቀመንበሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታች ተመለከቱ። አዩት። ጋሽ ደሳለኝም የኃይሉን ፊት አዩና "እንዴ" አሉ በቀስታ።

በዚህ መሐል ከጫካው ቅጠል እየተራመደ መጣ። እማማ ዘውዴ ናቸው። ከሸክማቸው ሥር የሚታያቸው መሬት ብቻ ስለሆነ ጥብጣቡን በደረታቸው በጥሰው ወረዱ። አንዱን ደረጃ ረገጡ፤ ሁለተኛውን ረገጡ፤ ቆም አሉ።

"እሰይ! እግዜር ይስጣችሁ! ለእኛ ነው ይሄ ሁሉ?" ሲሉ ከታች ድምፃቸው ተሰማ። "እንግዲያ ያንን ገደል ለልጆቹ ተዉላቸው። እኛስ ተገላገልን!"

ሁላችንም ወደ ሊቀመንበሩ ዞርን። ሊቀመንበሩ አሰቡ። ውሳኔያቸው መንገዱ ይለያይ የሚል ነበር፤ ተለያይቷል። ማን በየትኛው ይሂድ የሚል የለበትም። ቀጥሎ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ "ዕቅዳችን ለሠርቶ አደር ሴቶች ቅድሚያ መስጠት ነበር" አሉ። እኛም ከመጀመሪያው የምናውቅ ሆነን አጨበጨብን። ጭብጨባው ሳያልቅ ኃይሉ ብስክሌቷን ወደ አሮጌዋ አቋራጭ አዙሮ ተወረወረ። ተላላኪው እጁን ዘርግቶ ቀረ።

ከዚያ ሁሉም መሣሪያውን እየያዘ ወረደ። እኔ ድጅኖዬን ብፈልግ፣ ብፈልግ የለችም።

"ረጅሟን ነው?" አሉኝ ጋሽ ደሳለኝ። "መታጠፊያው ላይ ድንጋዩ እየሸሸ ቢያስቸግረኝ ከሥሩ ቀበርኳት። እንዴት ያለች ብረት መሰለህ!"

"ይንቀሉልኛ!"

"እሷ ከተነቀለች ደረጃው እማማ ዘውዴን ይዞ ታች ሲግናል ሰፈር ደርሶ ነው የሚቆመው።"

ድጅኖዬን ብቻዋን አልላክኳትም ነበር፤ ብቻዬን ተመለስኩ። ዛሬም የአባቴ ጉልበት በፈቀደልኝ ቀን በደረጃው ወጥቼ መታጠፊያው ላይ አረፍ እላለሁ፤ ከሥሬ እንዳለች አውቃለሁ። አላፊ አግዳሚው ደክሞኝ የተቀመጥኩ ይመስለዋል።