ጥንታዊ የምትለዋን ቃል ያዳንን ዕለት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። ይህን ያሉት አባቶቻችን የአሜሪካን ቦርድ አያውቁም ነበር። እዚህ ዳላስ ስም የሚያወጣው ቦርድ ነው፤ ያውም አማካሪ ቀጥሮ፣ ምሳ አዝዞ፣ ወራት ተሰብስቦ። የምንነዳበት ሀይዌይ እንኳ ቁጥር አለው፣ ከቁጥሩ ሌላ የሆነ ሰውዬ ስም አለው፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ሲነዱ ደግሞ ሌላ ሰውዬ ይሆናል። እኛ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም። አገር ቤት መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የትምህርት ቤቱም የአደባባዩም ስም ይለወጣል፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል፣ ጭብጨባው ሲያበቃ ሁላችንም በድሮው ስም እየጠራን ወደ ቤታችን እንገባለን። ታዲያ እንዲህ ስም መለወጥ የማያስደነግጠን ሰዎች ለአንድ ሙዚየም ስም ምን አንገበገበን? ብትሉ ደግ ጠየቃችሁ። እኔም ራሴን ስጠይቅ ከርሜያለሁ።

እኔ የዚያ ሙዚየም ጥበቃ ነኝ። ስሙ የጥንታዊ ባህሎች ሙዚየም ይባላል። ጠዋት ከሜስኪት ተነስቼ፣ ከመኪና ሰልፉ ጋር ተጨቃጭቄ እደርስና ከረባቴን አስተካክዬ፣ ባለቤታቸው ከሞተ ስንት ዘመን ባለፋቸው ማሰሮዎች መካከል እቆማለሁ። ሥራው አይከፋም። ማሰሮ አይጮህም፣ አያማርርም፣ ማናጀር ጥራልኝ አይልም። አንደኛው ሥራዬ "አይነካም" ማለት ነው፤ ሁለተኛው ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ማሳየት ነው። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ይበዛል።

ባለፈው ዓመት ቦርዱ ስሙ ይለወጥ አለ። ምክንያቱ ክፉ አልነበረም። "ጥንታዊ" ማለት ሰዎቹ ሞተው ያለቁ ያስመስላል፤ የልጅ ልጆቻቸው እኮ ዛሬም አሉ፣ እዚሁ ቴክሳስ ውስጥ ሚኒቫን ይነዳሉ፤ ስለዚህ "የሕያው ባህሎች ቤት" ይባል ተባለ። ሕዝቡ አስተያየቱን እንዲጽፍ በሩ ላይ መዝገብ ተቀመጠ። መዝገቡ ከእኔ መቆሚያ አጠገብ ስለነበር ሰው ራቅ ሲል አነበው ነበር። ጥበቃ አይደለሁ? መዝገቡንም መጠበቅ አለብኝ። አንዱ ስሙን የፈለጋችሁትን በሉት፣ ብቻ ፓርኪንጉን አስፉ ብሏል። ሌላው ዳይኖሰር የሌለበትን ቤት ሙዚየም ብሎ መጥራት ራሱ ማታለል ነው ብሎ ጽፏል። አንድ የፎርት ወርዝ ሰው ደግሞ ሁለት ገጽ ሙሉ ተቆጥቶ፣ ስሙ ከተለወጠ ሁለተኛ እግሬን አላነሳም ካለ በኋላ፣ ከታች በትንንሽ ፊደል እስካሁን መጥቶ እንደማያውቅ፣ ነገር ግን ሊመጣ ያስብ እንደነበር ገልጿል።

የእኛ ሰው ግን በመዝገብ የሚበርድ አይደለም።

ሙዚየሙ ውስጥ ከአገራችን የመጣ አንድ ዕቃ ነበር፤ ባለ ሦስት እግር የዋንዛ በርጩማ። ያበረከቱት ጋሽ ታደሰ አስፋው ናቸው። ጋሽ ታደሰ ሳክሲ የሚኖሩ፣ ሰባን የተሻገሩ፣ ዕድሜያቸውን ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ዝምተኛና ኩሩ ሰው ናቸው። የዛሬ አሥር ዓመት ሙዚየሙ ቅርስ ያለው ያምጣ ሲል በርጩማቸውን ታቅፈው መጡ። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።

"በዚህ ላይ እነማን ይቀመጡ ነበር?" ብላ ጠየቀች የሙዚየሙ ባለሙያ።

"ወልድያ ውስጥ ያልተቀመጠበት ሹም የለም" አሉ ጋሽ ታደሰ። "ዳኛው፣ የፖሊስ አዛዡ፣ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሳይቀር።"

"የተለየ ቀን ነበረው?"

"ቅዳሜ ቅዳሜ ይበዛል። በዓል ሲደርስማ ሰልፍ ነው።"

"የተለየ ልብስስ?"

"ነጭ ጨርቅ አንገታቸው ላይ ይታሰራል።"

"ሌላ መሣሪያ ነበር?"

"ምላጭ አለ። መቀስም አለ።"

ሴትዮዋ ምራቋን ዋጥ አድርጋ ጻፈች። እኔ ቃል በቃል ተረጎምኩ፤ አንዲት ውሸት አልጨመርኩም። የጋሽ ታደሰ አባት አቶ አስፋው ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። እሱን የጠየቀ የለም፤ ጋሽ ታደሰም፣ እኔም ትንፍሽ አላልንም። ከሳምንት በኋላ በርጩማው መስታወት ውስጥ ገባ፤ ከጎኑም ካርድ ተለጠፈ፦ "ሹማምንት በተወሰኑ ቀናት ነጭ ለብሰው ሥርዓት የሚፈጽሙበት መቀመጫ። ጥንታዊ። አበርካች፦ አቶ ታደሰ አስፋው።"

ሳቁ፣ እኔም ስቄያለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እኛ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም፤ ከስማችን ቀጥሎ ያለው አባታችን ነው። አቶ አስፋው ወልድያ ላይ ሲያርፉ የጋሽ ታደሰ የመኖሪያ ወረቀት ገና አላለቀም ነበርና ሄደው መቅበር አልቻሉም። በርጩማውን እህታቸው ናት እግሮቹን በካልሲ ጠቅልላ በሻንጣ ያመጣችላቸው። እሳቸውም በየወሩ ሙዚየሙ ይመጡና ሹማምንቱንም ሥርዓቱንም አልፈው የካርዱን የመጨረሻ ቃል አንብበው ይሄዳሉ። አንድ ቀን "መቃብሩን አላየሁትም" አሉኝ። "ስሙ ግን እዚህ አለ፤ መብራትም በርቶለታል።" እኔም ዞር ብዬ ሽንት ቤቱ በየት እንደሆነ ለጠየቀች ሴት ዝርዝር ማብራሪያ መስጠት ጀመርኩ።

ታዲያ ስለ አዲሱ ስም ለዕቃ ሰጪዎች ሁሉ ደብዳቤ ተላከ። ጋሽ ታደሰ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ሙዚየሙ ሌተር ልኮብኛል፤ ና አንብብልኝ" አሉ። ሄድኩና አነበብኩላቸው፦ ስሙ ይለወጣል፣ አሁን ያሉት ካርዶች በሙሉ ይነሣሉ።

"ይነሣሉ?" አሉ ፊታቸው አመድ መስሎ። "ማለት የአባቴን ስም ሊያነሱት ነው?"

"እንደዚያ ነው የሚለው ጋሼ።"

ወሬው ቫይበር ላይ ወጣ። ምሳ ሰዓት ላይ በርጩማ የነበረው ነገር ማምሻውን ዙፋን ሆኖ አደረ፤ በማግስቱ የየትኛው ንጉሥ እንደሆነ ክርክር ተነሳ። አንዲት አርሊንግተን የምትኖር ነርስ የድምፅ መልእክት ላከች፦ "ሊቪንግ አሉን? ኦኬ፣ ማለቴ፣ እኛ እኮ የስንት ሺህ ዘመን ሰዎች ነን! ሕያውማ ማንም ይሆናል!" ይህችን ንግግር ያላስተላለፈ አበሻ በሰሜን ቴክሳስ አልተገኘም።

አገር ቤት የታሪክ መምህር የነበሩት፣ አሁን ኤርፖርት ሻትል የሚነዱት አቶ ሽፈራው ነገሩን ቋጩት። "ፔቲሽን ሳይን ማድረግ ምናምን የፈረንጅ ነገር ነው። ሽማግሌ እንላክ" አሉ።

የሽማግሌን ደንብ ታውቃላችሁ። ይገባል፣ ይቆማል፤ ተቀመጡ ሲባል "ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" ይላል። ባለቤቱ ሽማግሌ አቁሞ መዋል ይከብደዋልና ይለሳለሳል። አገር ቤት ስንት ትዳር፣ ስንት ዕርቅ በዚህ ተገኝቷል። ችግሩ ደንቡ የሚሠራው ሁለቱም ወገን ሲያውቀው መሆኑ ነው።

አራቱ ሽማግሌዎች በሐምሌ ሐሩር ጋቢ ደርበው፣ ዱላ ይዘው መጡ። ከአራቱ አንዱ ጋሽ ታደሰ ናቸው። በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ፤ እንጀራዬን በገዛ እጄ እየዘጋሁ እንዳይሆን እየፈራሁ። ዳይሬክተሯ ፈገግ ብላ መጣችና ወንበር አስመጣች።

"ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ አቶ ሽፈራው። ተረጎምኩ።

"መልካም፤ ጉዳዩ ምንድን ነው?" አለች።

እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ሽማግሌ ጉዳዩን በቀጥታ አይናገርም። አቶ ሽፈራው ቤቱን መረቁ፣ የቤቱን ሰዎች መረቁ፣ ዝናብ ስለመጥፋቱ አዘኑ፣ ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ ጥቂት አሉ። ሴትዮዋ ግማሽ ሰዓት ያህል ከሰማች በኋላ ስብሰባ እንዳለባት ነግራን፣ ስመለስ እንቀጥላለን ብላ ሄደች። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ቀሩ። ወንበሮቹም ባዶ እንደሆኑ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር። የቆሙት ከበርጩማው ፊት ለፊት ነው፤ ከአጠገባቸው "እባክዎ አይንኩ" የሚል ጽሑፍ አለ። ጎብኚው እየመጣ ይከባቸው ጀመር። አንዷ የጋቢውን ጥለት በጣቷ ዳሰሰች፤ ባሏ ጽሑፉን አሳይቶ ተቆጣት። ፎቶ የሚያነሳው ሰው መዓት ነው። አንድ ባለ ትልቅ ባርኔጣ ሰውዬ ወደ እኔ ቀረብ ብሎ በሹክሹክታ "የሚንቀሳቀሱት በስንት ሰዓቱ ነው?" አለኝ። አቶ ሽፈራው ግን አንዲት እናት ለልጇ "በጣም ጥንታዊ ናቸው" ስትል ሰምተው ፊታቸው በራ። "ሰማህ?" አሉኝ። "ሰፊው ሕዝብ ከእኛ ጋር ነው!"

መዝጊያው ሲቃረብ የጋሽ ታደሰ ጉልበት መብረክረክ ጀመረ። "ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ ይቀመጡ" ብላቸው "አባቴ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው የሠራው" አሉኝ። አንድ የሙዚየሙ ጠበቃ ከላይ ወርዶ የጋሽ ታደሰን ጉልበት አየና ዳይሬክተሯን ጠርቶ በጆሮዋ የሆነ ነገር ነገራት። ያላትን አልሰማሁም፤ ሽማግሌ ወድቆ ከመከሰስ ስም ባለበት ቢቀር ይሻላል ሳይላት አልቀረም። መጣችና "ኦኬ፣ ስሙ አይለወጥም" አለች። አራቱም በአንድ ጊዜ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። አቶ ሽፈራው ምርቃታቸውን እንደ አዲስ ጀመሩ። ቫይበር ላይ ዕልልታው ቀለጠ፤ ጥንታዊነታችን ተመለሰ!

በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

ቦርዱ ሲሰበሰብ ምን አለ መሰላችሁ? "ጥንታዊ" የሚለው ስም እንዲቆይ ሕዝቡ ይህን ያህል ከጠየቀ፣ እያንዳንዱ ዕቃ በእርግጥ ጥንታዊ መሆኑ በባለሙያ ይረጋገጥ። ባለሙያው መጣ። በርጩማውን ገለበጠው። አቶ አስፋው በርጩማው ሲሚንቶ ላይ እንዳይንሸራተት ብለው በሦስቱም እግሮች ሥር የመኪና ጎማ ቆርጠው መትተውበታል። በጥንት ዘመን ጎማ እንዳልነበረ ባለሙያው በሦስት ገጽ አስረዳ።

ዳይሬክተሯ ጋሽ ታደሰን አስጠርታ በርጩማውን በካርቶን፣ ካርዱን በፖስታ አድርጋ በአክብሮት አስረከበቻቸው። ሴትዮዋ ከልቧ አዝናለች። "ለምን እንደተቃወማችሁ እስካሁን አልገባኝም" አለች። "ደብዳቤው ሁለተኛ ገጽ ላይ ገልጸን ነበር እኮ። በአዲሱ ስም የዕቃውን ታሪክ የሚናገረው ባለቤቱ ራሱ ነው። ካርዱ ላይ በዕቃው የተገለገለው ሰው ሙሉ ስም፣ ሥራውና ከተማው ይጻፋል። የእርስዎን በርጩማ መግቢያው ላይ ልናስቀምጠው ነበር።"

ሁለተኛውን ገጽ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። እኛ ደብዳቤ ሲመጣ የመጀመሪያውን ገጽ አንብበን ስብሰባ የምንጠራ ሰዎች ነን፤ ከዚያ በኋላ ለማንበብ ጊዜ ከየት ይመጣል? ይህን መተርጎም ባልችል ብዬ ተመኘሁ። አንዲት ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩት።

ካርቶኑን ጭናቸው ላይ እንዳቀፉ ወደ ሳክሲ ይዣቸው ነዳሁ።

"ሶ፣ አባቴ ፀጉር ቆራጭ ነበር ብለው ሊጽፉ ነበር?" አሉ ጋርላንድን ስናልፍ።

"አዎ ጋሼ።"

"ከነስሙ?"

"ከነስሙ። ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሁለተኛውን ገጽ አላነበብኩትም።"

"ተወው። እኔስ? ፀጉር ቆራጭ መሆኑን ካወቁ ይጥሉታል ብዬ እኮ ነው ዘጠኝ ዓመት ዝም ያልኩት።"

ቤታቸው ስንደርስ በርጩማውን ጋራዡ መሀል አስቀመጡት። ገብተው ፎጣና መቀስ ይዘው ተመለሱና "ቁጭ በል" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ሙያውን ተምረዋል እንዴ?"

"አልተማርኩም። ሲሠራ አይቻለሁ።"

ተቀመጥኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ነጩን ፎጣ አንገቴ ላይ አሰሩ፣ መዳፋቸውን አናቴ ላይ አድርገው ጭንቅላቴን ዝቅ አደረጉ፣ ጆሮዬን አጠፍ አደረጉት። "እንዲህ ነበር የሚያደርገው" አሉ። መቀሱ ጥቂት ከሠራ በኋላ ቆመ፤ ከኋላዬ ሲያለቅሱ ሰማሁ። ዞር ብዬ ላባብላቸው ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን መቀስ ጆሮው ሥር ያለ ሰው አይዞርም። የጋራዡን ሲሚንቶ እያየሁ ጠበቅኩ። አልቅሰው ሲያበቁ ቀጠሉ።

ሰኞ ሥራ ስገባ ዳይሬክተሯ ኮሪደር ላይ አየችኝና ክው ብላ ቆመች።

"ምን ሆነህ ነው?" አለች ራሴን እያየች።

"ጥንታዊ አቆራረጥ ነው" አልኳት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ታደሰ ደወሉና "ና እንጂ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጬ እየጠበቅኩህ ነው" አሉኝ። ፀጉሬ ገና አላደገም ነበር። ሄድኩ።