ቤት የሌለበት ጥግ

ማኅተምና ፕሪንተር ያለው ቢሮ ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አያጣም። ሥራ ጨርሰህ፣ ለምሳ ልትወጣ ጃኬትህን ስታነሣ፣ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ «ይቺ ምንድን ናት?» የሚል። የሚጠይቀው ጠፍቶት አይደለም፤ ከሁሉም በላይ ያውቃል። አንተ የምታውቀውን ለሌላው ሳትነግር ልትሄድ እንደሆነ ስለደረሰብህ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ታሞ የቀረ ቀን ቢሮው ይቀለዋል። ድኖ ሲመለስ ሁሉም «እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት!» ይላል፤ ግማሹ ከልቡ።

በሆሳዕና ይህን መንበር የያዙት የመስመርና የነጥብ ጠበቃ፣ የወረቀት ቀኝ ጥግ ባላባት፣ ክቡር አቶ ሆሴዕ ናቸው። ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ባለች ባለ ሦስት ክፍል የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጠዋል፤ መጀመሪያ በእርሳስና በማስመሪያ፣ ኋላ በኮምፒውተር። የቢሮው ባለቤት ኢንጂነር ዳኘ እንኳ ሥራውን የለመደው እሳቸው ሥር ስለሆነ፣ ሲቆጣቸውም ከወንበሩ ተነሥቶ ነው።

ሐዳሳ እዚህ የተቀጠረችው ለስድስት ወር ሙከራ ነበር። አውቶካድ በሚሉት የንድፍ ፕሮግራም ላይ እጇ ፈጣን ነው፤ ማውሱን ስታንቀሳቅሰው የሚያያት ሰው ራሱ ይዞርበታል። በመጀመሪያው ወር ዶዮገና አካባቢ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ የሚያሠራው አዲስ ማዋለጃ ክፍል የኤሌክትሪክ ንድፍ ተሰጣት። በሦስት ቀን ጨርሳ አተመችውና፣ ምስጋናዋን ልትቀበል አቶ ሆሴዕ ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

አቶ ሆሴዕ ሥዕሉ ላይ ያለውን በርም መስኮትም አላዩም። ዓይናቸው በቀጥታ የሄደው ወደ ወረቀቱ ቀኝ ጥግ ነው፤ ሥዕሉ ላይ ያሉት ምልክቶች እያንዳንዳቸው ምን እንደሆኑ የሚዘረዘርበት ሠንጠረዥ ወደሚቀመጥበት። ወጣቶቹ ሌጀንድ ይሉታል። እሳቸው «መግለጫ» ነው የሚሉት፣ ያውም አፋቸውን ሞልተው። ጥጉ ባዶ ስለነበር ሥዕሉ ላይ አንዷን ምልክት በጣታቸው ነኩ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ሶኬት ናት፣ ጋሼ።»

«አንቺ ታውቂያለሽ። እኔም አውቃለሁ። መሰላል ላይ የወጣው ሰውዬስ?»

«ካላወቀ ይደውልልኛላ።»

«ሥዕሉ የሚሄድበት አንቺ አትሄጂም!» አሉና ወረቀቱን መለሱላት።

ይህቺን አባባላቸውን ቢሮው ውስጥ በቃሉ የማይዛት የለም። ሹፌሩ አጵሎስ ጎማ ሲነፋ ሳይቀር ይላታል። ደግሞም አጵሎስ የሚናገረው ያየውን ነው። አንድ ጊዜ ሀደሮ ደርሶ እንዲመለስ ሲላክ አቶ ሆሴዕ የመንገዱን ካርታ ሠርተውለት ነበር። ድልድዩ በሁለት ሰረዝ፣ ገበያው በአራት ማዕዘን፣ ሰው የሚነክሰው ውሻ ያለበት ግቢ በጥቁር ሦስት ማዕዘን፤ ከታች ደግሞ ሙሉ መግለጫ። ከዓመት በኋላ አጵሎስ መንገዱን እንደ እጁ መዳፍ በሚያውቅበት ጊዜ፣ ያንኑ ካርታ ከነማሻሻያው አምጥተው ሰጡት። «ማሻሻያ ቁጥር ሁለት፦ ውሻው ስለሞተ ሦስት ማዕዘኑ ተሰርዟል» ይላል፤ ቀኑም ፊርማውም አለበት።

ለቤተ ክርስቲያናቸው ኮንፈረንስ የወንበር አቀማመጥ እንዲያወጡ የታዘዙ ጊዜማ የባሰ ነበር። ባዶ ክብ መዘምራን፣ ግማሽ ክብ ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ። ጥቁር ክብ፦ «ስብከት ሲረዝም የሚያንቀላፉ ሽማግሌ፤ አጠገባቸው የሚቀሰቅስ ሰው ይቀመጥ።» ወረቀቱ በር ላይ ተለጥፎ ስለነበር ሰባት ሽማግሌዎች ጥቁር ክብ መሆናቸውን እዚያው አነበቡ። ተቀየሟቸው፤ ግን በዚያ ኮንፈረንስ አንዳቸውም አላንቀላፉም።

ሐዳሳ ወጣት ናት፤ ወጣት ደግሞ አቋራጭ ይወዳል። «መግለጫ ነው የፈለጉት? እንኩ መግለጫ!» ብላ ቢሮው ባለፈው ዓመት ከሠራው የሆቴል ንድፍ ላይ ሠንጠረዡን እንዳለ ቀዳችና ማዋለጃ ክፍሏ ሥዕል ላይ ለጠፈችው። አምስት ደቂቃም አልፈጀባት። አቶ ሆሴዕ ወረቀቱን ተቀብለው ሠንጠረዡን መስመር በመስመር በጣታቸው ወረዱበት።

«ሐዳሳ፣ የዶዮገና እናቶች ሲወልዱ ይዋኛሉ እንዴ?»

«ኧረ ጋሼ!»

«ታዲያ አሥራ ዘጠነኛው መስመር ላይ ‹የመዋኛ ገንዳ መብራት› ምን ይሠራል? ሃያ ሁለተኛው ላይስ? ‹የጭፈራ አዳራሽ መብራት›! አራስ ልታስጨፍሪ ነው?»

ቀይ እስክሪብቶ አነሡና ከሥዕሉ ወደ መግለጫው፣ ከመግለጫው ወደ ሥዕሉ መመላለስ ጀመሩ። አንድ በአንድ ሲሰርዙ ሐዳሳ እግሯ እስኪደነዝዝ ቆማ አየች። ሠንጠረዡ ሠላሳ ስምንት መስመር አለው፤ ሥዕሉ ውስጥ ያሉት ምልክቶች ግን አሥራ አራት ብቻ ናቸው። ከአሥራ አራቱ ደግሞ አንዷ ሠንጠረዡ ውስጥ ጨርሶ የለችም። መሐሏ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለባት ሶኬት ናት። ሐዳሳ ራሷ ያወጣቻት ምልክት ነች፤ መብራት ሲጠፋ ከጄኔሬተሩ ኃይል የምታገኝ፣ የተወለደ ሕፃን የሚሞቅበት አልጋ የሚሰካባት።

«ወልደሽ ስም ሳታወጪላት ወደ ሰው አገር ልትልኪያት?» አሉ አቶ ሆሴዕ። ይህን ሲሉ አልቀለዱም፤ ድምፃቸው በእውነት አዝኖ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሐዳሳ ለጓደኞቿ ስትናገር «ሁለተኛ ዲግሪዬ» ትለዋለች። የሆቴሉ ሠንጠረዥ ተጠርጎ ጠፋ። አሥራ አራቱ ምልክቶች አንድ በአንድ እንደገና ተሠሩ፤ አንዱ ሲስተካከል ሥዕሉ ውስጥ ያሉት መሰሎቹ ሁሉ አብረው እንዲስተካከሉ ሆነው። ከእያንዳንዱ ምልክት ጎን ስም፣ ከስሙ ጎን ብዛት ተጻፈ። ስሙ በአማርኛ ሆነ፤ በእንግሊዝኛም ሆነ፤ ይህም አልበቃቸውምና በከምባትኛ ተጨመረ። አቶ ሆሴዕ ሀዲያ ናቸው፤ ባለቤታቸው ግን የዶዮገና ልጅ ስለሆነች ከምባትኛውን ለእሷ በስልክ እየደወሉ አሳረሙት። ኢንጂነር ዳኘ ወረቀቱን ሲያይ ራሱን ያዘ።

«ጋሼ፣ መግለጫው እኮ የወረቀቱን ሲሶ ያዘ!»

«ቀሪው ሁለት እጅ ላንተ ይበቃሃል» አሉት።

በዚህም አላበቃም። አቶ ሆሴዕ ያለ ማንም ፈቃድ ያወጡት ሕግ አለ፤ ማንኛውም ንድፍ ማኅተም የሚያርፍበት ታች ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ማርያማዊት ካነበበችው በኋላ ነው። ማርያማዊት ስለ ግንባታ የምታውቀው አሸዋ ሲራገፍ ሱቋን አቧራ እንደሚሞላው ብቻ ነው፤ የተመረጠችውም ለዚሁ ነው። ሐዳሳ ወረቀቱን ይዛላት ወረደች። ማርያማዊት በአንድ እጇ ደንበኛ እያስተናገደች በሌላው ጣቷ ሠንጠረዡን ወደ ታች ወረደችበት።

«መብራት ሲጠፋ የሚሠሩት ባለ ጥቁር ነጥቦቹ ናቸው። ስድስት ናቸው። አምስቱን አየኋቸው… ስድስተኛዋ ያቻትና፣ ከበሩ ኋላ።»

ሐዳሳ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። ማኅተሙ በሁለት ወረቀት ላይ አረፈ። አንዱ ለሕንፃ ተቋራጩ ለአቶ ፈትሁዲን ተላከ። ሁለተኛው ለጤና ጣቢያው ኃላፊ መላክ ሲገባው፣ አቶ ሆሴዕ ራሳቸው ይዘው ሄደው እዚያ ላለችው አዋላጅ፣ ለሲስተር ትርፊት ሰጧት። ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ ሲጠየቁ «ቤቱ ውስጥ የምትውለው እሷ ናት» ብለው ዘጉት።

የሐዳሳ ሙከራ አምስተኛ ወሩ ሲጋመስ ከተቋራጩ ደብዳቤ መጣ። ማዋለጃ ክፍሉ አልቆ ለርክክብ ሲሞከር ጄኔሬተሩ የኮርኒሱን መብራት ያበራል፤ ሶኬቶቹ ግን ሁሉም ድርቅ ብለው ቀርተዋል። ተቋራጩ «በንድፉ ላይ ስላልተገለጸ ሶኬቶቹን በሙሉ አንድ ዓይነት አድርገን ሠርተናል፤ ጥፋቱ የነዳፊው ነው» ይላል። ከደብዳቤው ጋር የወረቀታቸው ፎቶ ተያይዟል። ሐዳሳ ፎቶውን አጉልታ አየችው። ቀኝ ጥጉ ላይ መግለጫ የሚባል ነገር የለም።

ኮምፒውተሯን ከፍታ ሠንጠረዡን ለኢንጂነር ዳኘ አሳየችው።

«እዚህ ያለው ዛሬም ሊጻፍ ይችላል ይሉሻል» አለ ዳኘ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማስረጃ የሚሆነው ማኅተም ያረፈበት ነው። ሐዳሳ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ጥፋቱ ከሥዕሉ ከሆነ የቋሚነት ደብዳቤሽን መፈረም አልችልም። ለሁለተኛው ወረቀት ኃላፊው ጋ ደውዬ ነበር፤ ካቢኔው ውስጥ የለም አለኝ፤ ጋሼ የሰጧት አዋላጅም ስልኳን አታነሣም።»

በማግስቱ አጵሎስ ሐዳሳንና አቶ ሆሴዕን ይዞ ወደ ዶዮገና ወጣ። ሐዳሳ መንገዱን ሙሉ የምትቆጥረው ወር ነበር። ሁለተኛው ወረቀት ለአዋላጇ ከተሰጠ አራት ወር አልፎታል፤ በአራት ወር ውስጥ ያን የሚያህል ጠንካራ ወረቀት ስንት ነገር ይጠቀለልበታል! አቶ ሆሴዕ ግን ከፊት ተቀምጠው ለአጵሎስ የመንገድ ምልክቶቹ አተካከል ትክክል እንዳልሆነ ያስረዱ ነበር።

ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የርክክብ ኮሚቴው ቆሟል፤ አቶ ፈትሁዲንም የኤሌክትሪክ ሠራተኛቸውን ብዙነህን ይዘው ደርሰዋል። ብዙነህ ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ዘረጋው። አቶ ሆሴዕ ጎንበስ ብለው ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይሄ በመቀስ ተቆርጧል።»

«አዎ» አለ ብዙነህ፣ ምንም ሳይደብቅ። «ኪሴ አልገባ ሲለኝ ቤት የሌለበትን ጥግ ቆረጥኩት። ሠንጠረዥ ብቻ ነው፣ ግድግዳ የለበት፣ ጣራ የለበት። ሚስማር ጠቀለልኩበት።»

የአቶ ሆሴዕን ፊት ያየ ሰው መርዶ የተነገራቸው ነበር የሚመስለው። አቶ ፈትሁዲን ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። «ተቆረጠ እንበል። የተቆረጠው ላይ ይሄ ጥቁር ነጥብ ምን እንደሆነ ተጽፎ እንደነበር በምን እናውቃለን? እኛ ቀለም የተንጠባጠበበት መስሎን ነው» አሉ።

ሐዳሳ ሁለተኛውን ወረቀት ፍለጋ ወደ አዋላጇ አመራች። ያን ጊዜ ነው ሲስተር ትርፊት ጓንቷን እያወለቀች ከአሮጌው ማዋለጃ ክፍል የወጣችው። «ምንድን ነው የምትፈልጉት?» አለች። ነገሯት።

«ያ ሥዕል? ግድግዳዬ ላይ ነው። አራት ወር ሙሉ ሳየው ነው የምውለው። ኑ ግቡ።»

እውነትም ከመድኃኒት መደርደሪያው በላይ፣ በአራት ፕላስተር ተለጥፎ፣ ሙሉው ወረቀት ከነጥጉ ተሰቅሏል። ማኅተሙ ሰማያዊ ሆኖ ከታች ይታያል። ሲስተር ትርፊት ጣቷን አሥራ አራተኛው መስመር ላይ አሳረፈችና መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥላ በከምባትኛ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ጥቁር ነጥብ ያለበት ሶኬት፤ መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር የሚሠራ፤ ብዛት ስድስት።»

ከዚያ ወደ ተቋራጩ ዞረች። «አቶ ፈትሁዲን፣ እዚህ ክፍል መብራት ሲጠፋ ማሞቂያው አብሮ ይጠፋል። ሕፃኑን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ጋቢ ደርቤ ነው የማሞቀው። አንዴ ሁለት ነበሩ፤ ደረቴ ግን አንድ ነው። ይቺን ነጥብ እንደ ቀን መቁጠሪያ ነው ሳያት የከረምኩት። እና ስድስቱ የታሉ?»

አቶ ፈትሁዲን ወረቀቱ ፊት ቆመው ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ሲጨርሱ ቆባቸውን አስተካከሉ። «ወላሂ፣ እንዲህ ተጽፎማ ለኔም ይገባኛል» አሉ። «ጥፋቱ የኛ ነው። ብዙነህ፣ ነገ ጠዋት ሥራ ትጀምራለህ። ደብዳቤውን ስቤያለሁ።»

ሐዳሳ እልል ማለት አማራት፤ አራስ ክፍል መሆኑን አስባ አፏን በእጇ ያዘች።

በሳምንቱ ለርክክቡ ተመልሰው ሄዱ። ብዙነህ ሳይታዘዝ ስድስት አምፖል ስድስቱ ሶኬቶች ላይ ሰክቶ ጠበቃቸው። ሲስተር ትርፊት ራሷ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ አወረደችው። ክፍሉ ድንግዝግዝ አለ። ከውጭ ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ተነሣ፤ ስድስቱም አምፖሎች ቦግ አሉ። አሁን ማንም አፉን አልያዘም። ሲስተር ትርፊት እልልታውን ስታቀልጠው በር ላይ የተኮለኮሉት ነፍሰ ጡሮች ተቀበሏት፤ ኮሚቴው አጨበጨበ፤ አቶ ፈትሁዲን ብዙነህን ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ኢንጂነር ዳኘም ከቢሮው ወሬውን በስልክ ሲሰማ «የሐዳሳ ደብዳቤ ሰኞ ጠዋት ይፈረማል» አለ።

አቶ ሆሴዕ ክፍሉ መሐል ቆመው በጣታቸው ከአንድ እስከ ስድስት ቆጠሩ። ሐዳሳ ቀና ብላ ስታያቸው እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል።

«ጋሼ፣ ምነው?»

«አለቅሳለሁ እንጂ» አሉ፣ ሳይጠርጉት። «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይሄን ጥግ ስጽፍ ግድግዳው ላይ የሰቀለው ሰው አይቼ አላውቅም።»

ሲስተር ትርፊት ወረቀቱን ከአሮጌው ክፍል ነቅላ አመጣችውና አዲሱ ላይ እንዲሰቀል ጠየቀች። ሐዳሳ ወንበር ላይ ወጣች። አቶ ሆሴዕ ከታች ወንበሩን ይዘው፣ አንዴ ወደ ግራ ዘመመ፣ አንዴ መግለጫው ጥላ ላይ ወደቀ፣ አንዴ አጭር ሰው አያየውም እያሉ ሦስት ጊዜ አስነቀሏት። በመጀመሪያው ወር ቢሆን ወንበሩን ትታላቸው ትወርድ ነበር። አሁን ፕላስተሩን በጥርሷ ይዛ የአራተኛውን ትእዛዝ ትጠብቃለች።