የአባቴ ጠመንጃና የመንገሻ ምራቂ

ወንድ ልጅ በእጁ የሌለውን ነገር ሲያሞግስ አንደበቱ እንዴት እንደሚፈታ! በእጁ ያለውንስ፣ ለምሳሌ ሚስቱን፣ ሲያሞግስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም።

ባሌ ታደሰ እዚህ ሐርጌሳ ግንበኛ ነው። ጓደኛው መንገሻ ደግሞ ለሳኝ። አንዱ ያቆመውን ግድግዳ ሌላው ስለሚለስን አይለያዩም። ከሥራ መልስ፣ ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው ሰፈር በተከራየናት ቤት፣ እኔው ባነጠፍኩት ፍራሽ ላይ ተጋድመው፣ ከአገራችን ተጭኖ የመጣውን ጫት እየቃሙ አገር ያስተዳድራሉ። ያስተዳድሩ፤ ችዬ ኖሬያለሁ። በቅርቡ ግን አገሩን ተዉትና ወደ ጠመንጃ ገቡ።

ጠመንጃዎቹ ሁለት ናቸው። ሁለቱም ዱሮ የፈረንጅ አዳኞች ይዘዋቸው የመጡ፣ ቃታው ሥር ያለውን የብረት እጀታ ወደ ታች ከፍተው ሲመልሱት "ቀጭ" ብሎ ጥይት የሚጎርስ ዓይነት። አንዱ አርሲ፣ እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሌላው ወሎ፣ የመንገሻ ሚስት የሻረግ ጋ ነው። በመካከላቸው ስንት ወንዝና ስንት ኬላ እንዳለ እናንተ አስቡት። እነዚህ ሁለት ጀግኖች ሐርጌሳ ተጋድመው "እንለዋወጥ" ተባባሉ!

እናቴ ቤት ማለቴን ልብ ብላችኋል? ጠመንጃው የአባቴ ነው። ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ሊሞት ሲል ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት "ለስንዱ" ብሎ ሰጠው። ስንዱ እኔ ነኝ። ታደሰ ሠርጋችን ላይ ፎቶ ሊነሳበት ትከሻው ላይ ካንጠለጠለው በቀር ነክቶት አያውቅም።

ያም ሆኖ "የእኔ" ይለዋል። የእኔ ቀላል ነው፣ ትከሻ አይቆርጥም፣ ዒላማ አይስትም። አይስትም? ማነጣጠሪያው ወደ ግራ እንደ ጎበጠ፣ በልጅነቴ በዘይት ስወለውለው የኖርኩት እኔ አውቃለሁ። እጀታው ሲመለስ ጣት እንደሚቀረጥፍ ደግሞ ይኸው የጣቴ ጠባሳ ይመስክር። መንገሻም በተራው የእሱ አፈሙዝ ባለ ስምንት ማዕዘን፣ ርዝመቱም እንዲህ መሆኑን ሊያሳይ እጁን ሲዘረጋ ቴርሞሴን ደፋብኝ። ስለዚህ አለ፣ ረጅሙን በአጭር ስለምለውጥ ምራቂ ጨምርልኝ።

ምራቂ! ባሌ ምን ልጨምር ብሎ ቤቴን በዓይኑ ዞረው። ዓይኑ የመጻሕፍት ሣጥኔ ላይ አረፈ። መንገሻ ግን መጽሐፍ ምን ይሠራልኛል ብሎ አጣጣለው። በየትኛው ይበልጥ እንደ ተናደድኩ እስከ ዛሬ አለየልኝም፤ መጽሐፌ ለገበያ በመቅረቡ ነው ወይስ በመናቁ?

የማንን ጠመንጃ ነው የምትለውጠው ብዬ ጮህኩ። ባልና ሚስት ምን የአንቺ የእኔ አለው አለ ታደሰ። የጋራ ከሆነስ ማን ጠየቀኝ? ይህን ስል በሩ ተንኳኳ። አከራያችን ሰህራ ናት፤ ጅግጅጋ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ አያንስም። ጠመንጃ ጠመንጃ ስንል ሰምታ ፊቷ ተለዋውጧል። ወላሂ፣ ቤቴ ውስጥ መሣሪያ አለ እንዴ አለች። የለም እትዬ፣ አንዱ አርሲ አንዱ ወሎ ነው አልናት። ሁለቱን ወንዶች ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። ሱብሃነላህ፣ እኛ ፍየል ስንለዋወጥ እንኳ ፍየሏ ፊታችን ቆማ ነው ብላ ወጣች።

በዚህ እንኳ አላፈሩም። መንገሻ ጭራሽ፣ እትዬ ስንዱ፣ ለሴት ጠመንጃ ምን ያደርግላታል አለኝ።

እንዲህ ነው? ስልኬን አነሳሁ። ይህን ጥያቄ ለሚስትህ እናቅርብላት ብዬ ወሎ ደወልኩና ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍ አደረግሁት። የሻረግ ነገሩን ሰምታ መጀመሪያ የሳቀችው ሳቅ! የቱ ረጅም አፈሙዝ አለች። ጫፉ ተሰንጥቆ ብረት ሠሪ ዘንድ ካስቆረጥኩት ቆየ እኮ፤ አሁን ክንድ ቢያክል ነው። ዝንጀሮ ማሽላዬን ሲጨርሰው እሱ ሐርጌሳ ግድግዳ ይለስናል፤ በምን ላባርር ነው የሚለውጠው?

መንገሻ ጉንጩ ውስጥ ያለውን ጫት ማላመጡን ረሳ። ታደሰ በሳቅ ሊፈርስ ሲል የአንተው ደግሞ ወደ ግራ ነው የሚተኩሰው አልኩት።  የአባቴ ጠመንጃ ካለበት ንቅንቅ እንደማይል እዚያው ተቆረጠ።

ንዴቴ ግን አልበረደም። የሻረግ፣ አልኳት፣ ጠመንጃዎቹ ባሉበት ይቀመጡ፤ ልውውጡ ካልቀረ እኛ ባሎቻችንን እንለዋወጥ። ትቀልጃለሽ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ታስብበት ጀመር። ከዚያ፣ በቁም ነገር ድምፅ፣ "እሺ እትዬ፤ ምራቂ ምን ትጨምሪልኛለሽ?"