ፍልፈሉን የፈታው በጎ ፈቃደኛ

ማንም ሳይጠራው በፈቃዱ የሚሠራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ «በፈቃዳችን» ለዘመቻ የምንወጣው ቀበሌ ስማችንን ከጠራ በኋላ ነው። አንድ የሆሳዕና መምህር ግን ተፈጥሮን ስለሚወድ ብቻ በየቅዳሜው ሞርሲቶ ድረስ ይሄዳል። እዚያም ከከብት ፍግ በቀር ማዳበሪያ በማያውቀው የጋሽ ኤርጃቦ የእንሰት ጓሮ በነፃ ይሠራል።

አንድ ቅዳሜ መምህሩ፣ ጋሽ ኤርጃቦ በወጥመድ የያዙትን ፍልፈል ፈትቶ ለቀቀው።

«ጓድ መምህር፣ ምን ማድረግህ ነው?»

«አፈር ያናፍሳል እኮ፣ ጋሼ! እሱም የተፈጥሮ ልጅ ነው።»

በሳምንቱ ለልጃቸው ሠርግ ያቆዩዋቸው ሦስት እንሰቶች ሥራቸው በፍልፈሉ ተበልቶ ወደቁ፤ ሠርጉም ለከርሞ ተገፋ። መምህሩ የቀረበለትን ቆጮ እየጎረሰ ስለ ተፈጥሮ ሚዛን ማስረዳቱን ቀጠለ።

እኔም ከማዕዱ አብሬ ነበርኩና ጋሽ ኤርጃቦን ጠጋ ብዬ፣ «ከፍልፈሉና ከመምህሩ የቱ ይሻልዎታል?» አልኳቸው።

«ፍልፈሉ» አሉኝ። «እሱ እየበላ አያስተምርም።»