አቤት ባዩ ፖተንና ተጠርቶ ያልመጣው ኩባንያ

ዝናቡ እንደ ጉድ በሚወርድበት አንድ የሐምሌ ጠዋት፣ ከዳቦ ቤቱ ታዛ ሥር ተጠልዬ ሳለሁ ፖተን መንገድ መሐል ፖስተኛውን አስቁመው ሲወርዱበት አየሁ። "ይህ ደብዳቤ በኤሊ ነው የመጣው? ለምን እንደዘገየ በጽሑፍ ይሰጠኝ!" ይላሉ። ፖስተኛው አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። ቁጣውስ አልገረመኝም፤ ለምደነዋል። የገረመኝ ጃንጥላው ነው። ፖተን ጃንጥላቸውን ሙሉ ለሙሉ በፖስተኛውና በከረጢቱ ላይ ዘርግተው፣ እሳቸው ሽርጣቸው ጉልበታቸው ላይ እስኪጣበቅ በስብሰዋል። ቁጣው እስኪያልቅ ሰውየውን አንዲት ጠብታ አልነካችውም። ቁጣው ደግሞ አጭር አልነበረም።

አቤት ባይ የሌለበት ሰፈር ከፀሐይ በታች የለም። ፈጣሪ ለየመንደሩ አንድ ምንጭ፣ አንድ ተናካሽ ውሻና አንድ አቤት ባይ መድቧል ብዬ አምናለሁ። ለእኛ ኮረብታ የደረሱት ክቡር ፖተን ናቸው። ሁላችንም "አቻየን" እንላቸዋለን፤ እንደ ጋሼ መሆኑ ነው።

አቻየን ያላመለከቱበት ነገር የለም። የአውቶቡሱ ጥሩምባ ጆሮ ይበጥሳል ብለው አመለከቱ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲተው ደግሞ አውቶቡሱ እንደ ሌባ ድምፁን አጥፍቶ ያልፋል ብለው አመለከቱ። ዝናቡ በዘገየበት ዓመት ስለ መዘግየቱ ማብራሪያ ጠየቁ፤ ከማን እንደጠየቁ ዛሬም አልገባኝም። ስብከት ረዘመ ብለው ለጳጳሱ ጻፉ። ጳጳሱ ቡራኬ ላኩላቸው። "ቡራኬው ደርሶኛል፤ መልሱ ግን አልደረሰኝም" ብለው እንደገና ጻፉ።

ባለቤታቸው ሶሳማ ታዲያ፣ "በእኔ የዓሣ ወጥ ላይ እስካሁን ያላመለከቱት ወጥ ቤቴ መዝገብ ቤት ስለሌለው ነው" ትላለች።

እንዲህ ስንኖር ትልቁ ኩባንያ መጣ። ከኮረብታው ግርጌ ያለውን የጎማ ዛፍ እርሻ ገዛና በመሐሉ በሚያልፈው የእግር መንገድ ላይ የብረት በር ተክሎ ቆለፈው። ያ መንገድ ወደ ጀልባው መሳፈሪያ የሚያወርደን ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ያለው ደግሞ ወንዙ ማዶ ነው። ጉልበት ያለው ኮረብታውን ዞሮ መሄድ ጀመረ። ጉልበት የሌላት፣ እግሯን የምታነክሰው አሮጊቷ ጎረቤታችን እትዬ አሌያማ ግን ቤቷ ቀረች። እሑድ ሲሆን ነጭ ልብሷን ለብሳ ደጃፏ ላይ ትቀመጥና ከማዶ ደወሉን ትሰማለች።

ቄሱ አዘኑላትና ሥጋ ወደሙን እቤቷ ድረስ ያመጡላት ጀመር። አንድ ቀን እኔና አቻየን ልንጠይቃት ሄደን፣ ቄሱ መጥተውልሽ ደስ ይላል አልኳት።

"ቅዱስ ቁርባንስ ደስ ይላል፤ ክብር ምስጋና ለእሱ ይሁን" አለችኝ። "ግን ልጄ፣ ቁርባን እቤቱ የሚመጣለት የታመመ ሰው ነው። እኔ አልታመምኩም፣ ታጥሬ ነው እንጂ!"

አቻየንን ዘወር ብዬ አየኋቸው። ዝም ብለዋል። እንዲህ ዝም ሲሉ ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም፤ ለኩባንያው ፈራሁለት።

በማግሥቱ ዘመቻው ተጀመረ። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ሱኩማራን የሚባል ትሑት ሰው ነው። አቻየን በየማለዳው አቤቱታ ይዘው ቢሮው ይሄዳሉ። ሱኩማራን አስቀድሞ ሻይ ያስቀርብላቸዋል።

"አቻየን፣ ዛሬም?"

"በሩ ዛሬም ተቆልፏል አይደል?"

"ተቆልፏል።"

"እንግዲያው ዛሬም!"

ሱኩማራን የመጀመሪያዎቹን አቤቱታዎች ቦምቤይ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት አስተላለፈ። ከዚያ የመጣው መልስ አጭር ነበር፦ "የዚህን ሰው ወረቀት ከእንግዲህ አትላክልን። እዚያው አስቀረው።" ሱኩማራን የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው ነውና እዚያው አስቀረው። የት? በጭስ ቤቱ። ከዛፉ ወተት የሚሠራው የጎማ ሉህ የሚደርቀው በእንጨት ጭስ ነው፤ በዝናብ ወራት ደግሞ እርጥብ እንጨት ያለ ወረቀት በጄ አይልም። የኩባንያው ጎማ ግማሹ የደረቀው በአቻየን ቁጣ ነው ብል አላጋነንኩም።

መልስ ሲጠፋ አቻየን ከሰሱ። ጠበቃ ያዙ ብንላቸው፣ "ጠበቃ ንግግሬን ያሳጥርብኛል" አሉ። የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ ለኩባንያው መጥሪያ አደረሰ፤ ቀጠሮውም ደረሰ። እትዬ አሌያማን በምስክርነት ይዘን በአውቶቡስ ወረድን። መንገዱን ሙሉ ስጸልይ ነበር። ኩባንያው ተምረው የጨረሱ ጠበቆችን አሰልፎ ይመጣል፤ እኛ ያለን አንዲት የምታነክስ አሮጊትና አንድ የሚያሰለቹ ሽማግሌ ነው።

የችሎቱ ጠሪ በረንዳው ላይ ወጥቶ የኩባንያውን ስም ጮክ ብሎ ጠራ። ማንም የለም። ደግሞ ጠራ። ሦስተኛውን ሲጠራ ጣሪያው ላይ የነበረች ቁራ ብቻ መለሰችለት።

ዳኛዋ መዝገቡን ገለጥ አድርገው፣ "ተከሳሽ መጥሪያውን ፈርሞ ተቀብሏል፤ አልቀረበም። ጉዳዩ በሌለበት ይታያል" አሉ።

አቻየን ከተቀመጡበት ተነሡ። ፊታቸው ላይ የማየው ኀዘን ነው። "ክብርት ዳኛ፣ ጥቂት ቢጠበቁስ? ምናልባት አውቶቡስ አምልጧቸው ይሆናል። እኔ ለእያንዳንዱ መከራከሪያቸው መልስ አዘጋጅቼ..."

"አቶ ፖተን፣ እያሸነፉ ነው። ይቀመጡ።"

ተቀመጡ። እትዬ አሌያማ ቃሏን ሰጠች። "ሙሽራ ሆኜ የመጣሁት በዚያ መንገድ ነው። ባሌን ለቀብሩ የሸኘሁትም በዚያው ነው። እኔም ስሞት እሄድበታለሁ ያልኩት እሱን ነው። ሌላ መንገድ አላውቅም።" ዳኛዋ ለአፍታ ብዕራቸውን አስቀመጡ። በሩ እንዲነሣ ፈረዱልን።

ታዲያ ደስታችን ገና ፍሬን እንደተያዘበት መኪና ነበር። ኩባንያው በሕጉ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ከመጣ፣ ክሱ እንደ አዲስ ይከፈታል ተባለ። ኮረብታው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። መኪና ሲያጓራ፣ ጠበቆቹ መጡ እንላለን። ሰው እንዳይነቃ መጸለይ ይገባ አይገባ እንደሆነ አላወቅኩም፤ ግን ጸለይኩ። "አቤቱ፣ እንቅልፋቸውን ባርክላቸው" አልኩ።

ባረከላቸው። ጊዜው አለፈ። አንድ ማለዳ የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ መጋዝ ከያዙ ሰዎች ጋር መጣ። ሱኩማራን ከቢሮው እየሮጠ ወጣ።

"ምንድን ነው ይሄ? ማነው ያዘዛችሁ?"

"ፍርድ ቤት።"

"የምን ፍርድ ቤት?"

"ወንድሜ፣ ትቀልዳለህ?" አለ መልእክተኛው። "መጥሪያውንም ፍርዱንም ያመጣሁልህ እኔ አይደለሁ? ፈርመህ አይደል የተቀበልከኝ?"

ሱኩማራን አቻየንን አየ። ከዚያ ጭስ ቤቱን አየ። ጭሱ ሽቅብ ይወጣል። "የአቻየንን ስም ከላይ ሳየው..." አለ ቀስ ብሎ፣ "...እንደተለመደው መስሎኝ።"

ሳቁን መያዝ ያቃተው ሰው ብዙ ነው። አቻየን ግን አልሳቁም።

በሚቀጥለው እሑድ እትዬ አሌያማ ነጭ ልብሷን ለብሳ ቁልቁለቱን ወረደች። ክንዷን ልይዝ ብል፣ "ልቀቀኝ ኩንጁሞን! እግር የለኝም ያለህ ማነው?" ብላ ገፋችኝ። በጎማ ዛፎቹ መሐል እያነከሰች ስትሄድ ደወሉ ከማዶ ተደወለ። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ደረቴ ላይ ተጭኖ የከረመ ድንጋይ እዚያው መንገድ ላይ ወርዶ ቀረ። ተመስገን አልኩ፤ ከዚያ የሚረዝም ጸሎት አልመጣልኝም።

የአቻየን ፊት ግን ሳምንታት አልፈውም አልፈታ አለ። አሸናፊ ሰው እንዲህ አይጠቁርም። አንድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጥተው ተቀመጡ፤ ሻዩን ቀመሱና፣ "ውኃው አልፈላም" አሉ። ደህና ናቸው ብዬ ተጽናናሁ።

"ሱኩማራንን ከሥራ አገዱት" አሉኝ። "የፍርድ ቤት ወረቀት አቃጠልክ ብለው ሊያሰናብቱት ነው።"

"አቻየን፣ እሱ እኮ ባላጋራዎ ነበር።"

"ባላጋራዬ በሩ ነው! ወረቀቱን አትላክ ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ ሰውየው የታዘዘውን ፈጸመ። አንድም ቀን ሻይ ሳያጠጣኝ አልመለሰኝም። ሦስት ሴት ልጆች አሉት። ይሄ ፍትሕ ነው? በል ንገረኝ፣ ፍትሕ ነው?"

"ታዲያ ለዋናው መሥሪያ ቤት አይጽፉላቸውም?"

እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ ለአቻየን ማቅረብ ለዓሣ ዋና እንደ ማስተማር ነው። በዓይናቸው ገረፉኝ።

"ስንቴ ጻፍኩ! እዚያም ያለው ያው ነው። ስሜን ሲያዩ አይከፍቱትም።"

ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ። በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ስለ ሱኩማራን ቅንነት የሚመሰክር፣ ከአቻየን እጅ የወጣ የመጀመሪያው የምስጋና ጽሑፍ ነው። መጨረሻው ላይ ለፊርማ የተተወው ቦታ ባዶ ነው። ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት፤ ድምፃቸውም ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼ በማላውቀው ሁኔታ ዝቅ አለ።

"ኩንጁሞን፣ እባክህ፣ ስምህን አውሰኝ።"