ዳና ብሎ የመጥራት ጣጣ

በስም ሳንጠራራ ስንት ዓመት መኖር እንደምንችል አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ዘጠኝ ዓመታችን ነው። «አንተ» ትለኛለች፤ እንግዳ ካለ ደግሞ «እሱ» እሆናለሁ። ስሜን የምሰማው መሥሪያ ቤት፣ ለፊልድ ወደ ሃና ከተማ የሚሄዱ ሰዎች ስም ዝርዝር ሲነበብ ነው። ያውም መኪና ከተገኘ።

የዚህ ነገር ጣጣ የገባን በልጃችን በማርታ ነው። አራት ዓመት ሞልቷት አፏን አልፈታችም። የፈለገችውን ትጠቁማለች፣ ካልገባን ታለቅሳለች። እናቷም ተደብቃ ታለቅሳለች። እኔስ? ምን እደብቃችኋለሁ፣ አልቅሻለሁ።

ለሥራ ጂንካ የመጣች አንዲት የንግግር ባለሙያ አየቻትና፣ የምታውቃቸውን ሰዎች ፎቶ እያሳያችሁ ስማቸውን ጥሩላት፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቋት አለችን። ስሙን ብቻ! አጭር እንዲሆንላት ጋሼም እትዬም ለጊዜው ይቅር አለች።

ለአፍ ቀላል ነው። ከፎቶዎቹ አንዱ ግን የአከራያችን የጋሽ ዳና ነው። ከወላይታ መጥተው እዚሁ ጂንካ ያረጁ አናጺ ናቸው፤ ጸሎት የሚመሩ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ። እኚህን ሰው እንዴት አድርጌ «ዳና» ልበላቸው? መጀመሪያ የሞከረችው ባለቤቴ ነች፣ መስኮቱን ዘግታ። «ዳና» ትልና ወዲያው ፎቶውን ይቅርታ ትጠይቃለች።

እያደር ደፈርን። መስኮት መዝጋቱንም ተውነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እያጨበጨብን «ዳና! ዳና!» ስንል በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ዳና ሜትራቸውን እንደያዙ ቆመዋል።

«ሳምንት ሙሉ ሰማሁ፣ ዝም አልኩ» አሉ። «በድያችሁ ከሆነ ጋሼ ብላችሁ ውቀሱኝ። እንደ ውሻ አትጥሩኝ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እየተንተባተብኩ አስረዳኋቸው። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ማርታ ፊት ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ደረታቸውን መታ መታ አድርገው «ዳና» አሉ። ጠበቁ። እኛ እኮ አምስት እንኳ ሳንቆጥር በእሷ ፈንታ የምንመልስ ሰዎች ነን! እሳቸው ግን ኮላ እስኪደርቅ ሲጠብቁ ያረጁ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲመለሱ በየቀኑ ይመጡ ጀመር።

በሦስተኛው ወር፣ ቅዳሜ ገበያ መሃል፣ ማርታ እጄን ለቀቀችና «ዳና!» ብላ ጮኸች። ጋሽ ዳና ከሽማግሌዎች ጋር ቆመው ነበር። ሽማግሌዎቹ ዞረው እኔን አዩኝ፤ ልጁን ያልቀጣ አባት እንደሚታይ አድርገው። ባለቤቴ እልል አለች። ጋሽ ዳና ልጅቷን አቅፈው እንባቸው ወረደ።

«እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠራኝ የለም» አሉ።

አሁን ማርታ ስድስት ሰው በስሙ ትጠራለች። ባለሙያዋ ተመልሳ ስታያት ደስታዋን አልቻለችውም፤ እንግዲህ «ጋሼ»ን ጨምሩላት አለችን። በዚያው ዕለት ትምህርቱን ጀመርን። ጋሽ ዳና ከግቢው ሰምተው መጡ።

«ያቺን ቃል ካስተማራችኋት» አሉ፣ «ሌላ ቤት ፈልጉ።»