ጓዳ ድረስ የሚገባ መጽሔት

ልጁን ለመዳር ሽማግሌ ልኮ የሚያውቅ ሰው ሳይንሳዊ ጽሑፍ ለመጽሔት መላክ አይከብደውም። መጀመሪያ ትልቅ ቤት ይላካል። ትልቁ ቤት አክብሮ፣ አመስግኖ፣ «ልጃችን ገና ናት» ይላል፤ ከዚያ ወደ ጎረቤቱ ማለት ነው። የሚከብደው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቶ፣ ፕሮግራሙን ራሱን የሚያሳትም መጽሔት መምረጥ ነው። ትልልቆቹ ወጡን ይቀምሳሉ እንጂ ጓዳ አይገቡም፤ ውጤቱን አሳየን፣ ኮዱን እዚያው ያዘው ይላሉ። ጓዳ ድረስ ዘልቀው፣ የድስቱን ክዳን ከፍተው የሚያዩት ትንንሾቹና አዲሶቹ ናቸው። ስም የላቸውም። ዓይን ግን አላቸው።

ይህን የተማርኩት ጁባ ነው፤ አገሪቱ ነጻ በወጣች በዓመቱ፣ ቶንፒንግ ሰፈር በነበረው መሥሪያ ቤታችን። ከጎኔ የሚቀመጠው ጋትሉዋክ ጋምቤላ ስደተኞች ጣቢያ አድጎ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ሒሳብ ተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰ፣ ረጅምና ዝምተኛ ሰው ነበር። የዝናብ መዝገብ የሚጠግን ፕሮግራም ሠራ። እዚያ አገር የዝናቡ መዝገብ በጦርነቱ ዓመታት ተበጣጥሷል፤ የእሱ ፕሮግራም ከአጎራባች ጣቢያዎች እያመሳከረ የሚሞላውን ይሞላል፣ የማይሞላውን ለይቶ ይተዋል። ግሩም ሥራ ነው። ችግሩ፣ በዓለም ላይ ያለው በአንዲት ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ መሆኑ ነበር። ጁባ ደግሞ ጄኔሬተሩም አቧራውም ለላፕቶፕ አይራሩም።

ኮዱን ራሱን ለሚያሳትመው ትንሽ መጽሔት እንላከው፣ የትም ያለ ሰው ወስዶ ይሥራበት ብዬ ብመክረው፣ ብመክረው፣ እምቢ አለ። ትልቁ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ስም ፈልጎ መሰለኝና «የትልቅ ቤት አማች» እያልኩ ስተርበው ከረምኩ።

አንድ ቅዳሜ አትላባራ ሰፈር ያለው ቤቱ ምሳ ጋበዘኝና ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። ኮዱን ሳየው ሳቄ መጣ። ለየመረጃውና ለየትእዛዙ ያወጣው ስም ሁሉ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፤ ዝናብ፣ ጎረቤት፣ ደምር፣ አካፍል።

«ጋሼ፣ ሒሳብ የገባኝ በአማርኛ ነው» አለኝ። «ገበያ ወጥቼ በዓረብኛ እየተከራከርኩ፣ በሆዴ የምቆጥረው በአማርኛ ነው። ቢሮ ደግሞ ሐበሻው ነው የሚሉኝ። እዚያ ስደተኛ፣ እዚህ ሐበሻ፤ ከሁለት ያጣ ጎመን። ይህን ደግሞ አሳትሜ ላስነብባቸው?»

ለካ እኔ ስም ፍለጋ ያልኩት ገበና መሸፈን ኖሯል።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» አልኩት፤ «ቁጭ ብለን እንተረጉመዋለን።» ስሞቹን አንድ በአንድ ወደ እንግሊዝኛ መለስናቸው። ሁሉም እሺ ብለው ሄዱ፤ አንዱ ብቻ እምቢ አለ። ፕሮግራሙ መዝገብ ያልተያዘባቸው የጦርነት ዓመታት ላይ ሲደርስ የሚጠራው ትእዛዝ ስሙ «ይቅር» ነው። «ዝለል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሞከርን፤ ጥድፊያ ሆነ። «ጎደለ» የሚለውን ሞከርን፤ ክስ ክስ ሸተተን።

«ዜሮ በለውና እንገላገል» አልኩ።

«ዜሮማ አይደለም፣ ጋሼ። ዘንቧል እኮ። የሚመዘግብ ሰው ነው ያልነበረው።»

ያን ቃል ሳንነካው ወደ ምሳችን ተመለስን።

ፕሮግራሙ «ይቅር»ን እንደያዘ ወደ ትንሹ መጽሔት ሄደ። የመጽሔቱ ገምጋሚ መስመር በመስመር አንብቦ፣ ይህ ቃል ምንድን ነው ሲል ጠየቀ። ጋትሉዋክም የአማርኛ ቃል መሆኑን፣ መተውንም ምሕረትንም በአንድ አፍ እንደሚናገር ገልጾ፣ ሌላ አላገኘሁለትም ብሎ ጻፈ። ገምጋሚው ቃሉ እንዳለ ይቆይ አለ። ታተመ።

ከወራት በኋላ አንድ የቢሮ ባልደረባችን፣ «ሐበሻው» የሚለውን ስም ያወጣለት እሱው ራሱ፣ ፕሮግራሙን አውርዶ ሲሠራበት ሰንብቶ፣ ክፍተት የበዛበት መዝገብ ይዞ መጣ። «ሰና ዴ፣ አሙሉ ይቅር» አለ በጁባ ዓረብኛ፤ ይህን ዓመት ይቅር እናድርገው ማለቱ ነው። ቃሉ አፉ ላይ ተመችቶታል። ከየት እንደመጣ ግን አያውቅም።

«ጥሩ ቃል ነው» አለው፤ «ያንተ ቋንቋ ነው እንዴ?»

ጋትሉዋክ ወደ እኔ ትንሽ አየት አደረገና ወደ ሰውየው ዞረ።

«አይዋ» አለ፤ «የኔ ነው።»